አመዱ ነው ወይስ ዝናቡ? ከአራት የሳይንስ አስተሳሰቦች የትኛውን ልያዝ?

አጎቴ አጋሮ አካባቢ የቡና ማሳ አላቸው። ካቻምና ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ረገፈባቸው። አምና በየግንዱ ሥር የምድጃ አመድ በተኑ። በሽታው ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ጅማ በመጡ ቁጥር አቦሉ ሳይቀዳ ወሬው አመድ ነው። "አመድ ያድነዋል። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ" ይላሉ።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ገብታለች። እንደ ማንኛውም ፍሬሽማን ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ ትማራለች። አንድ ቅዳሜ ታዲያ "ጋሼ፣ አመዱ መሆኑን በምን አወቁ?" አለቻቸው። አጎቴ ሲኒውን አስቀመጡ። "በምን አወቁ ማለት ምን ማለት ነው? ቡናውን ሄደሽ እይዋ!"

እኔ መሃል ነበርኩ። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ ብል ሁለቱም ተቆጡኝ።

የሳይንስ ፍልስፍና የሚባለው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። "በምን አወቅክ?" ብሎ ይጠይቅና መልሱን እስከ ጫፍ ያሳድዳል። ችግሩ ፈላስፎቹ ራሳቸው በአንድ መልስ አይስማሙም። ጀማሪ አንባቢ አራት አምስት ስም ይደረደርለትና የቱን ይዞ ቤቱ እንደሚገባ ግራ ይገባዋል። እዚህ አራት መንገዶችን በአጎቴ አመድ ላይ እየሞከርኩ አነጻጽራለሁ። አመዱ ያድናል አያድንም የሚለውን አልፈርድም።

ለቸኮለ ሰው ምርጫዬን አስቀድሜ ልንገር። ከፖፐር (ሐሳብን ለመጣል ከመሞከር) ጀምሩ፣ በባዬስ (እምነትን በማስረጃ በመመዘን) አስሉ፣ ቆጠራ ላይ አትቁሙ፣ ኩንን (ሳይንቲስቶች እንደ ማኅበር እንዴት እንደሚያስቡ የጻፈውን) መጨረሻ አንብቡ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከታች አለ።

አንደኛው መንገድ፦ መቁጠር

አጎቴ ያደረጉት ኢንዳክሽን ይባላል። ካየነው ተነስቶ ወዳላየነው መሻገር ነው። ይህ ዛፍ ዳነ፣ ያኛውም ዳነ፣ ስለዚህ አመድ ያድናል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን እ.ኤ.አ. በ1620 (ከታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እውቀት ከጥንታዊ ሊቃውንት ቃል ሳይሆን ከምልከታ ይነሳ ብሎ ሲከራከር የያዘው ይህን መንገድ ነው። ግን ቤከን ዝም ብሎ መደመርን የልጅ ሥራ አድርጎ ነበር የሚያየው። ነገሩ ያለበትን ብቻ ሳይሆን የሌለበትንም ቁጠሩ ይላል። አጎቴ ይህን ቢሰሙ ኖሮ አመድ ያልነካውን የጎረቤት ማሳ ጎራ ብለው ያዩ ነበር። አላዩም።

መቁጠር ርካሽ ነው። ዓይንና ትዕግሥት ይበቃዋል። ያለ እሱም አንድ ቀን መኖር አይቻልም። የደጋ ሰው ለዘመናት "ቆላ የወረደ ወባ ይይዘዋል" ሲል ቆጠራው ትክክል ነበር። ትንኝን ግን አልጠረጠረም፤ ጥፋቱን አየሩ ላይ ጣለ። ፈረንጆቹም ከዚህ አይሻሉም ነበር። ማላሪያ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ "መጥፎ አየር" የመጣ ነው። ፈረንሳዊው ላቬራን ጥገኛ ተሕዋሱን በሰው ደም ውስጥ ያየው በ1880 ሲሆን፣ ሮናልድ ሮስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው ደግሞ በ1897 ነው። ቆጠራው ልክ፣ ምክንያቱ ስህተት። መቁጠር ምን ምንን እንደሚከተል ይነግራችኋል፤ ለምን እንደሚከተል ግን አይነግራችሁም።

ሁለተኛ ድክመትም አለው። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም በ1739 እንዳሳየው፣ እስከ ዛሬ የሆነ ሁሉ ነገም ይሆናል የሚለው እምነታችን ራሱ ማስረጃ የለውም። ፈላስፋው በርትራንድ ራስል ይህን በዶሮ አስረዳ። ባለቤቱ በየቀኑ ይመግባታል፣ እሷም ሰውዬው ሲመጣ እህል ይመጣል ብላ ትደመድማለች፣ በመጨረሻው ቀን አንገቷን ይጠመዝዘዋል። ራስል ጅማ ቢኖር የአረፋ በግ ይለው ነበር። በጉ በበዓሉ ዋዜማ ላይ ያለው ማስረጃ ከመቼውም የበለጠ ነው። ከመቼውም ይበልጥ የተሳሳተውም ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ ለመጣል መሞከር

ካርል ፖፐር ኦስትሪያ፣ ቪየና ውስጥ ያደገ ፈላስፋ ነው። ወጣት ሳለ ከተማዋ ሁሉን ነገር በሚያስረዱ ንድፈ ሐሳቦች ተሞልታ ነበር። የፍሮይድ ተከታይ ማንኛውንም ጠባይ ያስረዳል። የማርክስ ተከታይ ማንኛውንም ጋዜጣ ያስረዳል። በዚያው ሰሞን፣ በ1919፣ የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች የፀሐይ ግርዶሽ ጠብቀው የአንስታይንን ንድፈ ሐሳብ ፈተኑ። የከዋክብት ብርሃን ፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ አንስታይን ባለው መጠን ባይታጠፍ ኖሮ ሐሳቡ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ፖፐርን የማረከው ይህ ነው። አንስታይን አንገቱን አውጥቶ ተናገረ። ሌሎቹ ምንም ቢመጣ አይወድቁም።

በ1934 ባሳተመው ሥራው ያስቀመጠው መለኪያ አጭር ነው። አንድ አባባል ሳይንሳዊ የሚሆነው ሐሰት ሊያደርገው የሚችል ነገር አስቀድሞ ሲነገር ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ምን ይደግፈዋል?" አይደለም። "ምን ባይ እተወዋለሁ?" ነው። እኔ ለጀማሪ ይህን የምመርጠው ለዚህ ነው። ሒሳብ አይጠይቅም፣ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ቲክቶክ ላይ የሚዞር መድኃኒትም፣ የአለቃ ግምገማም፣ የአጎት አመድም ላይ ይሠራል።

የዚህን መንገድ ጉልበት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የአጎቴን ቡና የሚያጠቁረው በሽታ ሲቢዲ (የቡና ፍሬ በሽታ) እየተባለ ይጠራል፤ የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ኬንያ ውስጥ በ1922 ተለየ፣ እኛ ጋ በ1971 ተገኘ። ከፍ ባለ፣ በቀዘቀዘና ዝናብ በበዛበት ቦታ ይከፋል። ያኔ ጅማ፣ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች አገሩ ባለው የቡና ዓይነት ብዛት ላይ ተማመኑ። ሁሉም በታመመበት ማሳ ውስጥ ደህና የቆመ ዛፍ ፈለጉ። እስከዚህ ድረስ መቁጠር ነው።

ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው። አንድ ዛፍ ደህና ስለቆመ ብቻ በሽታውን ተቋቋመ አይባልም። ምናልባት ፈንገሱ አልደረሰበትም፤ አምልጦ ነው። ያመለጠውን ከተቋቋመው በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ በሽታውን ሆን ብለው አመጡበት። የፈንገሱን ዘር በፍሬውና በችግኙ ላይ አድርገው ይታመማል አይታመምም ብለው ጠበቁ። ዛፉን ለመጣል ሞከሩ። ያልወደቀው ቀረ። ዛሬ በየችግኝ ጣቢያው 74110 እና 74112 እየተባሉ የሚጠሩት ዝርያዎች ከዚያ ሥራ የመጡ ናቸው። 74ቱ ከኢሉባቦር በኩል፣ መቱ አካባቢ የተመረጡበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974። አጎቴ 74110ን ያውቁታል። ቁጥሩ የአንድ ፈተና ውጤት መሆኑን ግን አልነገራቸውም ማንም።

ታዲያ ፖፐር ጉድለት የለበትም? አለበት፣ ትልቅ ነው። የተነበያችሁት ሳይሆን ሲቀር ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይነግራችሁም። ዩራኑስ የተባለችው ፕላኔት የኒውተን ሕግ ከሚለው መንገድ ዘወር ዘወር ስትል ታየች። ሳይንቲስቶች ኒውተንን አልጣሉም። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሌ ቬሪየ የማትታይ ሌላ ፕላኔት እየሳበቻት ነው ብሎ አሰላ። በ1846 በርሊን ውስጥ እሱ ወደጠቆመው የሰማይ ቦታ ቴሌስኮፕ ሲያዞሩ ኔፕቱን ተገኘች። ድንቅ ነው። ያው ሰው ሜርኩሪም መንገድ ስትስት ሌላ የተደበቀች ፕላኔት አለች አለ፣ ቩልካን የሚል ስም ወጣላት። ፈለጓት፣ ፈለጓት፣ የለችም። በዚህ ጊዜ የተሳሳተው ኒውተን ነበር። ነገሩ የተፈታው አንስታይን በ1915 አዲስ የስበት ንድፈ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ ነው። አንድ ዓይነት ሰው፣ አንድ ዓይነት ማመካኛ፣ አንዴ ሠራ፣ አንዴ አልሠራም።

አጎቴም እንዲሁ ናቸው። በሽታው አምና ባይቀንስ ኖሮ "አመዱ እርጥብ ነበር" ይሉ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። እንዲህ ዓይነቱ ማመካኛ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። ሌ ቬሪየም ያደረገው እሱን ነው። ልዩነቱ ማመካኛው ራሱ ሊፈተን መቻሉ ላይ ነው። ለኔፕቱን "ይኸውላችሁ ቴሌስኮፕ፣ ፈልጓት" ተብሎ ነበር። እርጥብ አመድም ሊፈተን ይችላል። የሚፈልገው ካለ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ሚዛኑን ማስተካከል

ቶማስ ባዬስ ቄስ ነበር። ስሌቱ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1763 ነው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ እምነት አለ ወይም የለም አይባልም፣ መጠን አለው። አዲስ ማስረጃ ሲመጣ መጠኑ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል።

በአመዱ ላይ እናስላው። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ ዋናው አካሄዱ ነው። እንደ አጎቴ አመድ ያሉ 100 የመንደር መድኃኒቶች አሉ እንበል። ከእነዚህ 10 ያህሉ የምር ይሠራሉ። ከሚሠሩት 10 ውስጥ 9ኙ በሽታውን ሲቀንሱ ይታያሉ። አሁን ወደማይሠሩት 90 እንሂድ። አምና በአጎቴ መንደር ዝናቡ ቀለል ያለ ነበር፣ እሳቸውም አይክዱም። ዝናብ ሲቀል ሲቢዲ በራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከማይሠሩት 90 ውስጥ 45ቱም "የቀነሱ" ይመስላሉ። የቀነሰ የታየባቸው በድምሩ 54 ናቸው። የምር የሚሠሩት ግን 9 ብቻ። ከስድስት አንድ ማለት ነው። አጎቴ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይተው እምነታቸው ከ10 በመቶ ወደ 17 በመቶ ገደማ ነው ከፍ ማለት የነበረበት።

አሁን ሌላ ነገር እናድርግ። የማሳውን ግማሽ አመድ እንበትንበት፣ ግማሹን እንተወው። ዝናቡ ሁለቱንም እኩል ይነካል። ከሚሠሩት 10 ውስጥ በ8ቱ ላይ አመድ ያለበት ወገን ይሻላል እንበል። ከማይሠሩት 90 ውስጥ ግን በአጋጣሚ እንዲህ የሚሆኑት አራት ወይም አምስት ቢሆኑ ነው። ልዩነቱ ከታየ ታዲያ አመዱ የመሥራቱ ዕድል ከሦስት ሁለት ገደማ ይደርሳል። ያው አንድ ክረምት ነው፣ ያው አመድ ነው። የተጨመረው ባዶ የተተወ ግማሽ ማሳ ብቻ ነው።

የባዬስ ውበት ይህ ነው፤ ግማሽ መንገድ ያመነን ሰው ቦታ ይሰጠዋል። አጎቴን "ተሳስተዋል" ሳንል "ገና ነው" ለማለት ያስችለናል። በእኛ ባህል ከታላቅ ጋር ለሚከራከር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉድለቱ የመነሻው ቁጥር ላይ ነው። 10 ያልኩት እኔ ነኝ። አጎቴ 90 ብለው ቢጀምሩ ስሌቱ ሌላ ይሆናል። ባዬስ ደግሞ የማንኛችን መነሻ ልክ እንደሆነ አይፈርድም። ማስረጃው እየበዛ ሲሄድ እንቀራረባለን ነው የሚለው። ዜሮ ብሎ የጀመረ ሰው ግን መቼም አይቀርብም። ዜሮን በምንም ብታባዙት ዜሮ ነው።

አራተኛው መንገድ፦ ሰፈሩን ማየት

ቶማስ ኩን ፊዚክስ ተምሮ ወደ ታሪክ የዞረ አሜሪካዊ ነው። በ1962 ያለው ነገር ብዙ ሰው አስቆጣ። ሳይንቲስቶች በየቀኑ ሐሳባቸውን ለመጣል አይሞክሩም አለ። ፓራዳይም ብሎ በጠራው የጋራ ማዕቀፍ ውስጥ ሆነው ትንንሽ እንቆቅልሾችን ይፈታሉ። የማይገጥም ነገር ሲመጣ ለጊዜው ወደ ጎን ይሉታል። ሲበዛ ቀውስ ይመጣል፣ ማዕቀፉ ይገለበጣል።

ምሳሌው ጀርመናዊው ሳይንቲስት አልፍሬድ ቬገነር ነው። በ1912 አህጉሮች ይንቀሳቀሳሉ አለ። የደቡብ አሜሪካና የአፍሪካ ዳርቻ መግጠሙን፣ የቅሪተ አካሉን መመሳሰል አሳየ። አብዛኞቹ አልተቀበሉትም፤ የሚያንቀሳቅሳቸውን ኃይል አሳማኝ አድርጎ ማቅረብ አልቻለም ነበርና። የውቅያኖስ ወለል ሲጠና፣ በ1960ዎቹ፣ ነገሩ ተገለበጠ። ዛሬ አፋር ላይ መሬት ሲሰነጠቅ ማንም በቬገነር አይስቅም።

ኩን በአመዱ ላይ ምን ይላል? እዚህ ቀጥተኛ መልስ የለውም። ይልቅ ለምን አጎቴና የአክስቴ ልጅ እንዳልተግባቡ ያስረዳል። ለአጎቴ ማስረጃ ማለት የገዛ ዓይንና የአባት ልምድ ነው። ለእሷ የተነጻጸረ ሙከራ ነው። ሁለቱም "ማስረጃ" ይላሉ፣ ቃሉ ግን አንድ አይደለም።

ኩንን መጨረሻ ያልኩት ስለማይጠቅም አይደለም። መጀመሪያ የያዘው ሰው "እንግዲያ ሁሉም የየሰፈሩ እውነት ነው" ብሎ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ኩን ያን አላለም። ሌላው መዘዝ ደግሞ የተናቀ ሁሉ ራሱን ቬገነር ማድረጉ ነው። ቬገነርን ያልተቀበሉት ሰዎች ትክክለኛ ጥያቄ ነበራቸው። የተናቀ ሐሳብ ሁሉ ኋላ ይነግሣል ማለትም አይደለም፤ አብዛኛው ተንቆ ይቀራል።

የቱ ለማን?

ባጃጅ የሚጠግን መካኒክ ከአራቱም አንዱን ብቻ አይከተልም። ድምፁን ይሰማል፣ የተሻለውን ማብራሪያ ይገምታል፣ ፈትቶ ያያል። ፈላስፎች ይህን ግምት አብዳክሽን ይሉታል። ሐኪምም የሚያስበው እንዲሁ ነው። ፈጣን ነው፣ ነገር ግን መጀመሪያ የመጣላችሁን ማብራሪያ እንድትወዱት ያደርጋል። ስለዚህ ለብቻው አልመክረውም።

የምርምር ንድፍ የምትጽፉ ተማሪዎች ፖፐርንና ባዬስን አንድ ላይ ያዙ። ጥሩ መለማመጃ ከጅማ ብዙም ሳይርቅ አለ። የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ወባ አብዝቷል ወይ የሚለውን ጥያቄ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ አጥንተውታል። ውኃው አጠገብ ያሉና ራቅ ያሉ መንደሮችን ማወዳደር ቀላል ይመስላል። ግን መንደሮቹ በከፍታ ይለያያሉ፣ በቤት አሠራር ይለያያሉ፣ አጎበር የሚጠቀመው ሰው ብዛትም ይለያያል። ጥያቄውን ይዛችሁ "ምን ባይ እተወዋለሁ?" በሉና ወረቀት ላይ ጻፉት። መልሱን መጻፍ ካቃታችሁ ጥያቄው ገና አልበሰለም።

ለራሱ ጤና የሚወስን ሰው ከቆጠራ ይጠንቀቅ። እኔ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ዝንጅብል በማር ጠጥቼ በሳምንቱ ድኜ "አየህ!" እል ነበር። ጉንፋን በሳምንት ገደማ በራሱ ይለቃል። ዝንጅብሉን አሁንም እጠጣለሁ፣ ይጣፍጠኛል። "አየህ" ማለቱን ነው የተውኩት።

አርሶ አደር ደግሞ ሁለት ነገር ያመዛዝናል፤ መሳሳት ምን ያስከፍላል፣ መፈተን ምን ያስከፍላል? አመድ ርካሽ ነው፣ ቢሳሳቱ ብዙ አይጎዱም። ነገር ግን አመዱን ተማምነው የተፈተነ ችግኝ መትከሉን ቢተዉ ኪሳራው የዓመታት ነው። ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይጠብቃል።

አጋሮ

ባለፈው ሳምንት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሦስታችንም ማሳው ሄድን። አጎቴ በመጨረሻ 40 ዛፍ ለፈተና ሰጡ። 20ው ላይ አመድ፣ 20ው ባዶ። ከዚያ ባዶ የሚቀሩትን እሳቸው መምረጥ ጀመሩ። የመረጡት ሁሉ የከሳ፣ ቅጠሉ የገረጣ ነው።

"ጋሼ፣ እንደዚህ ከሆነማ አመዱ ባይሠራም ያሸንፋል" አለች የአክስቴ ልጅ።

"ታዲያ ደህናውን ዛፌን ባዶ ልተወው?"

ሳንቲም አወጣች። ዛፎቹን ሁለት ሁለት አድርጋ አቆራኘቻቸው፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ አንዴ ትወረውራለች። ጎፈር ከወጣ በስተቀኝ ያለው አመድ ያገኛል፣ ዘውድ ከወጣ በስተግራ ያለው። አጎቴ መጀመሪያ ቁማር ነው ብለው አኮረፉ። ከአምስተኛው በኋላ ግን ሳንቲሙን ራሳቸው ተቀብለው መወርወር ጀመሩ። እስከ አስራ አንደኛው ድረስ ደህና ነበር። አስራ አንደኛው ላይ ዕጣው የወደቀው አባታቸው በተከሏት ዛፍ ላይ ነው፤ ባዶ ትቀራለች። ሳንቲሙን በመዳፋቸው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ምንም ሳይሉ ወደሚቀጥለው ጥንድ አለፉ።

ወደ ጅማ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የአክስቴ ልጅ ወደ መስኮቱ እያየች "ማታ ተመልሰው አመድ ቢያደርጉባትስ?" አለች።

ቅዳሜ ሄደን ሥሯን እናያለን።